ዐሥራ አራት ዐሥራ ስድስትን ያሸነፈበት ስብሰባ

ዐሥራ አራት ከዐሥራ ስድስት እንደሚበልጥ በስብሰባ የተወሰነው አሰብ ነው፣ በደርግ ጊዜ። እኔም እዚያው ነበርኩ። ማንም እንደማያምነኝ አውቃለሁ። ሚስቴ ይህን ሁሉ ዘመን አብራኝ ኖራ፣ ወሬውን ስጀምር "ደሞ ጀመረው" ብላ ወደ ጓዳ ትገባለች። ልጆቼ ሒሳብ ስለተማሩ ጭራሽ አይሰሙኝም። ቢሆንም ተወስኗል! የዚያን ቀን የደነገጥኩት ድንጋጤ እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም።

ሥራዬን የተውኩት በቅርቡ ነው። ለጡረታ ዕድሜዬ ገና ነው፤ ጡረታ ያወጣኝ ዕቃው ነው። አዳማ ያለችው ሱቄ አንድ ደንበኛ መጥቶ ዕንቁላል የምታክል እስፒከር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። "ጋሼ፣ ድምፅዋ ጠፋ" አለኝ። ካቻቢቴዬን አንስቼ ብሎን ፈለግሁ። ብሎን የላትም! አገላበጥኳት፤ የለም። በሙጫ ነው የዘጓት። እኔ ታደሰ፣ ያልከፈትኩት ዕቃ የሌለ ሰው፣ ካቻቢቴ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። "ተዋት ጋሼ፣ ሌላ እገዛለሁ" ብሎኝ ሄደ። ያን ዕለት ሱቁን ዘጋሁ። አሁን የቀረኝ ማውራት ነው፤ እሱን ደግሞ ድሮም እችልበታለሁ።

ስለ ትምህርቴ ከጠየቃችሁኝ፣ ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ያስተማሩኝ የተበላሹ ዕቃዎች ናቸው። እንግሊዝኛ የማነበው ዕቃ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ብቻ ነው። አሰብ የገባሁት ከኮምቦልቻ፣ የጭነት መኪና ሸራ ላይ ተቀምጬ ነው። መጀመሪያ የሠራሁት የከባድ መኪና ሾፌሮች በሚያድሩበት ሰፈር ነበር። የዚያ መንገድ ሙቀት የመኪናውን ቴፕ ቀበቶ እንደ ማስቲካ ያቀልጠዋል። እኔ ደግሞ ከተጣለ የጎማ ከመነዳሪ ቀጭን ቀበቶ ቆርጬ እተካለሁ። ሾፌሮቹ ታደሰ ቴፕ አሉኝ። እስከ ሚሌ ድረስ ስሜ ይታወቅ ነበር ብዬ ብነግራችሁ ጉራ ይመስላችኋል፤ ጉራም ነው፣ እውነትም ነው።

በኋላ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ለጥገና ክፍሉ ቀጠረኝ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ደመወዙንም አልነግራችሁም፣ ትስቃላችሁ። የክፍሉ ኃላፊ ዓም ሳልሕ ይባላሉ። ዓም ማለት በዐረብኛ አጎት ማለት ነው፤ አሰብ ላይ ትልቅ ሰው እንዲያ ነው የሚጠራው። አባታቸው ከአሰብ ወዲያ ያለችው የበይሉል ሰው ናቸው፣ ፍየል ነጋዴ። እሳቸው ግን በልጅነታቸው ከጣሊያኖች ዘንድ ገብተው ራዲዮ ተማሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሽርጥ የታጠቁ፣ ሲበዛ ቁጡ ሰው። ሥራ ላይ "ደህና አደርክ" እንኳ የሚሉት በጥርጣሬ ነው።

የገባሁ ቀን አንድ ድምፅ የጠፋበት ራዲዮ ጠረጴዛ ላይ አደረጉና ከፈቱት። ሶኬቱ መነቀሉን አዩ፤ ደግመው አዩ። ከዚያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ምላሳቸውን አውጥተው ላሱት! የራዲዮ ሆድ! እኔ አበዱ ብዬ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሸሸሁ።

"ጨው አለው" አሉ፣ ወጥ እንደቀመሰ ሰው። "ና ቅመስ።"

"ዓም ሳልሕ፣ እኔ እንኳ ቁርሴን በልቻለሁ..."

"ና ቅመስ አልኩህ፣ አንተ ልጅ!"

ቀመስኩ። እውነትም ጨው። "አሰብ ላይ ዕቃ አይበላሽም" አሉኝ። "ባሕር ይገባበታል። መጀመሪያ ባሕሩን አስወጣ፣ ከዚያ በቴስተር ለካ።" ከዚያ ወዲህ ስንቱን ዕቃ እንደላስኩ ፈጣሪ ይወቀው። የጄኔሬተር ካርድ፣ የመርከብ ራዲዮ፣ አንዴ የአንድ ሹም የጆሮ ማዳመጫ ሳይቀር ልሻለሁ። ጣዕሙን አትጠይቁኝ።

ሁለተኛው ልማዳቸው ደግሞ ይብሳል። አንድ ቴፕ ጠግኜ ዘፈን ከፍቼ ሳስደምጣቸው "ዝጋው" ይላሉ። "ዘፈኑን ማንም ይሰማዋል። ዝምታውን አሰማኝ።" በሁለት ዘፈን መሀል ያለችውን ባዶ ቦታ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ዕቃ ሲታመም መጀመሪያ የሚያቃስተው እዚያች ዝምታ ውስጥ ነው ይሉ ነበር። እኔ መጀመሪያ እስቅባቸው ነበር፤ በኋላ እኔም ያው ሆንኩ። ዛሬ ሠርግ ቤት ስሄድ ሰው ይጨፍራል፣ እኔ በዘፈኖቹ መሀል ያለውን እሰማለሁ።

ታዲያ እኚህ ሰው አንድ ጥቁር ነጥብ ነበረባቸው። በአንድ ሰልፍ ላይ፣ ሹሙ መፈክር ለማሰማት እጁን ሲያነሳ፣ ድምፅ ማጉያው "ዊይይይ" ብሎ አፏጨ። ሹሙ ማይክራፎኑን ወደ እስፒከሩ ስላዞረው ነው እንጂ የዓም ሳልሕ ጥፋት አልነበረም። ግን ለሹም "አንተ ነህ ያዞርከው" የሚል አልተገኘም። "ለሁለተኛ ጊዜ ቢደገም አሻጥር ነው" ተባሉ። አሻጥር የምትለው ቃል በዚያ ዘመን ምን እንደነበረች የኖረባት ያውቃታል። በአሻጥር ተጠርጥሮ በዚያች የደኅንነቶች አረንጓዴ ላንድሮቨር የሄደ ሰው፣ ቤተሰቡ ስንቅ የት እንደሚያደርስለት እንኳ አያውቅም ነበር።

አሁን ወደ ሁለቱ ዕቃዎች ልምጣ። ሁለት የውጭ አገር መሐንዲሶች ውላቸውን ጨርሰው ሲሄዱ፣ ለሠራተኛው ክበብ አንዳንድ ሲዲ ማጫወቻ ትተው ሄዱ፤ ዲስኮችም ጨመሩልን። አሰብ ላይ ሲዲ ያየ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ ያጫወትነው ቀን የደነገጥነውን ድንጋጤ! መርፌ የለው፣ ክር የለው፣ መስታወት የመሰለች ሳህን ትገባና ፒያኖ ይወጣል። ከፒያኖው በፊት ደግሞ ምንም የለም። እንደ ቴፕ "ሽሽሽ" የሚል የለም! ዓም ሳልሕ እስፒከሩ ላይ ጆሯቸውን ለጥፈው ቆይተው ቀና አሉና፣ "ወላሂ፣ ይኼ ዕቃ ሞቶ ነው የሚዘፍነው" አሉ።

አንደኛው የጃፓን ነው። ግንባሩ ላይ በወርቅማ ቀለም 16 ተጽፎበታል። ሌላው የአውሮፓ ነው፤ ከብረት የተሠራ፣ ከባድ፣ መልከ ጥፉ። ከሱ ጋር የመጣው መመሪያ 14 ይላል። ቁጥሩ ምን እንደሆነ በቀላሉ ልንገራችሁ። ሲዲ ላይ ዘፈን የለም፣ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ያንን ቁጥር ወደ ድምፅ የሚመልሰው መቶ እግር የሚመስል ጥቁር አይሲ ነው። 16 እና 14 የሚባለው አይሲው ድምፁን በምን ያህል ደቃቅ ደረጃ እንደሚሰፍረው ነው። ቁጥሩ ሲበዛ ደረጃው ይደቃል። እንግዲህ በዚህ ስሌት የጃፓኑ አሸናፊ ነው፣ አለቀ።

እኔም አለቀ ብዬ ነበር። ክበቡ ለግቢው የሚፈልገው አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ሌላው ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ሊላክ ነው፤ "የትኛው ይቅር?" ሲባል እኔ "ምን ጥያቄ አለው፣ ዐሥራ ስድስቱ!" አልኩ። ዓም ሳልሕ በክፉ ዓይን አዩኝ። "የጫማ ቁጥር ነው እንዴ?" አሉ።

ሁለቱንም ከፈትናቸው። የጃፓኑ ውስጥ አይሲው አንድ ብቻ ነው። አንዱ ለግራውም ለቀኙም እየሮጠ ይሠራል፣ ብቻውን ሁለት ጠረጴዛ እንደሚይዝ አስተናጋጅ። የአውሮፓው ሁለት አለው፣ ለየጆሮው አንዳንድ። ከፊታቸው ደግሞ ሌላ አይሲ ተቀምጦ፣ በሁለት ቁጥር መሀል ሌሎች ቁጥሮች እያሰላ ያቀብላቸዋል፤ መንገዱ ይለሰልስላቸዋል። በሁለቱ ዙሪያ ኮንደንሰር የሚባሉ ባለ ሁለት እግር ትናንሽ ዕቃዎች እናታቸውን እንደከበቡ ጫጩቶች ተኮልኩለዋል። የጃፓኑ አይሲ ዙሪያ ግን ጭር ያለ ነው።

ከዚያ ማወዳደር ጀመርን፣ ኤርኮንዲሽን ባለው ክፍል ውስጥ። መጀመሪያ የሁለቱን ጩኸት በቴስተር ለክተን እኩል አደረግን። ይኼን ያዙልኝ፤ ጩኸቱ ትንሽ ከፍ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፣ ጆሮ ይታለላል። ከዚያ እኔ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ ገመዱን እቀያይራለሁ፣ እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ይሰማሉ። ዜማ አይሰሙም። "ፒያኖው ሲሞት አሰማኝ" ይላሉ። አንዷ ድምፅ ተመትታ እየቀጠነች እየቀጠነች እስክትጠፋ ድረስ።

"ይኼ የጃፓኑ ነው። ሲሞት አሸዋ ላይ እንደሚጎተት ሳጥን ይሆናል።"

ቀየርኩ።

"ይኼ የአውሮፓው። ከዓይን እንደምትርቅ ጀልባ ሄደ።"

ላታልላቸው ፈለግሁና ገመዱን ነቅዬ እዚያው መልሼ ሰካሁ።

"አልቀየርከውም፣ አታላይ!"

እኔም ተራዬን ሰማሁ። ሰማሁት! ዐሥራ ስድስቱ ሲጮህ ጎበዝ ነው፤ ሲያንሾካሹክ ይኮላተፋል። ዐሥራ አራቱ እስከ መጨረሻዋ ድረስ ንጹሕ ነው። በቁጥር ያነሰው በለጠ! እንዴት እንደደነገጥኩ አትጠይቁኝ። ያንኑ ቀን ክበቡ ቡና ቤት ሄጄ ለሰው ሁሉ አወራሁ። ቡና ቤቱን የምታስተዳድረው ብርቄ ትባላለች፤ ቀይ ጥፍር፣ ቀይ ከንፈር፣ ምላሷ ስለት። "አንተና ዓም ሳልሕ ዕቃ ስትልሱ ትውላላችሁ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ጨው ራሳችሁ ላይ ወጣ ማለት ነው" አለችኝ። ሰው ሳቀ። እኔ ግን ተንጠራርቼ "ዓም ሳልሕ የመረጡት ዐሥራ አራቱን ነው፤ ጆሮ ያለው ይስማ!" አልኩ።

የክበቡ ሰብሳቢ ጓድ ሽፈራው ነው። ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ፣ ስብሰባ የሚወድ፣ ከአዲስ አበባ የተላከ ካድሬ። ምርጫውን ተቀበለ። ከአዲስ አበባ ትልልቅ እንግዶች መጥተው ባሕሩ ዳር ባለው በረንዳ ግብዣ ሊደረግ ነበርና፣ "ዕቃው ክቡር ነው፤ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ከኤርኮንዲሽን እንዳይወጣ" ብሎ አዘዘ። አሰብ ላይ ክብር ማለት ኤርኮንዲሽን ነው። ሹም እዚያ ይቀመጣል፣ እንግዳ እዚያ ይተኛል፣ ኬክ ሳይቀር እዚያ ያድራል። ዓም ሳልሕ "ቀደም ብሎ ወጥቶ አየሩን ይልመድ፣ ተሸፍኖ ይዋል" ብለው ነበር። ማን ይስማቸው!

ፀሐይ ስትጠልቅ ዕቃውን ከበረዶ ክፍል አውጥተን ወደዚያ ወበቅ ገባን። ባሕሩ የተነፈሰው አየር ፊት ላይ እንደ እርጥብ ፎጣ ይለጠፋል። ዕቃውን ሳይ ድርቅ አልኩ፤ አላበው! ቀዝቃዛ የለስላሳ ጠርሙስ ከፍሪጅ ሲወጣ እንደሚያልበው፣ ብረቱ በሙሉ ጤዛ ለበሰ። ውስጡም እንደዚያው። ሲዲውን ሰጠሁት፤ አሽከረከረ፣ አላነበበም። ደግሞ ሰጠሁት፤ አነበበ። እፎይ አልኩ።

እፎይታዬ የቆየው እንግዳው ብርጭቆውን አንስቶ ንግግር እስኪጀምር ነው። ሙዚቃው ዝግ አለ፣ ፒያኖው ቀጠነ። እናም "ክርርር... ጫ! ክርርር... ጫ!" ሰው ጠጠር የሚያኝክ ይመስላል። ያ ከዓይን እንደምትርቅ ጀልባ የነበረ ድምፅ! እንግዳው "ለሰፊው ሕዝብ..." ሲል "ጫ!" ይላል። "ለአብዮታችን..." "ጫ!" ብርጭቆውን ሳይጠጣ አስቀመጠው። ብዙ ዕቃ አበላሽቻለሁ፣ እንደዚያ ያለ ውድቀት ግን በሥራ ዘመኔ አላየሁም። ዓም ሳልሕ ገፋ አድርገውኝ ሶኬቱን ነቀሉ፣ ክዳኑን ከፈቱ፣ በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት አጎንብሰው ላሱ።

"ባሕሩ ገብቷል" አሉ።

ጤዛው ቦርዱ ላይ የተቀመጠውን የጨው አቧራ አሟሟው። እነዚያ ጫጩቶች የመሰሉ ኮንደንሰሮች እግራቸው በጨው ውሃ ተያያዘ፤ ደቃቁ ሥራ ተናጋ። ዙሪያው ጭር ያለው የጃፓኑ ቢሆን ምንም አይለውም ነበር። ጥሩው ስለሆነ ነው የታመመው፣ ገባችሁ? እሱን ግን ለጓድ ሽፈራው ማን ያስረዳዋል? ፊቱ አመድ መስሏል። እኔ አፌን ልከፍት ስል ዓም ሳልሕ እግሬን ረገጡኝ። ከዚያ ሽፈራው ቀስ ብሎ "አቶ ሳልሕ" አለ። ጓድ ሳይሆን አቶ! አንድ ሰው ከጓድ ወደ አቶ ከወረደ ላንድሮቨሯ ሞተር አስነስታለች ማለት ነው።

ሰኞ ጠዋት ኮሚቴው ሊሰበሰብ፣ እስከዚያ ዓም ሳልሕ ከቤታቸው እንዳይወጡ ተባለ። ዕቃው ግን ጥገና ክፍል ነው ያለው፣ ከኔ ጋር። ለባትሪ በሚጨመረው የተጣራ ውሃ ቦርዱን አጠብኩት፣ ላስኩት። ጨው። ደግሜ አጠብኩት፣ ላስኩት። ትንሽ ጨው። ምላሴ እስኪደነዝዝ ድረስ ሄድኩበት። በአልኮል አደረቅኩት። አሁን እርጥበት እንዳይገባው የሚቀባ ነገር ያስፈልጋል፤ የት ይገኛል? ብርቄ ዘንድ ሮጥኩ።

"ብርቄ፣ የጥፍር ቀለምሽን።"

"ምነው፣ ልታገባ ነው?"

"ዓም ሳልሕን ሊወስዷቸው ነው።"

ሳቋ ጠፋ። ጠርሙሷን አውጥታ ሰጠችኝ። "ጨርሰው" አለች። ያንን ሁሉ አይሲና ኮንደንሰር በብሩሽ እየነካካሁ ቀባሁት። ቀይ! የዕቃው ሆድ የሠርግ ቤት መሰለ።

ሰኞ ሰባቱ የኮሚቴ አባላት፣ ከነሽፈራው፣ ክበቡ አዳራሽ ውስጥ ተቀመጡ። የጃፓኑም ገና ስላልተላከ ሁለቱ ማጫወቻዎች ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ዓም ሳልሕ ቆመዋል። ብርቄ በጎን ለስላሳ ታድላለች። ላንድሮቨሯ በመስኮት ትታያለች።

ሽፈራው ክዳኑን ከፍቶ ደነገጠ። "ይኼ ቀይ ምንድን ነው?"

"የአብዮቱ ቀለም ነው፣ ጓድ" አልኩት። "እርጥበት አያስገባም።"

ሳቅ የያዘው አባል ሳለ። ሽፈራው ወደ ክሱ ገባ። "ጓዶች፣ ነገሩ ቀላል ነው። አንደኛው ዐሥራ ስድስት ነው፣ ሌላው ዐሥራ አራት። ትልቁን ትቶ ትንሹን ለእንግዶቻችን የመረጠ ሰው ዓላማው ምንድን ነው? እስቲ አቶ ሳልሕ ይንገሩን።"

"ስሙት" አሉ ዓም ሳልሕ። "በጆሯችሁ ፍረዱ። ዐሥራ ስድስቱ ከበለጠ፣ እኔ ራሴ መኪናዋ ላይ እወጣለሁ።"

አጫወትኩ። የጃፓኑን፣ ቀጥሎ የአውሮፓውን። "ዐሥራ ስድስቱ ይበልጣል የምትሉ?" አለ ሽፈራውና እጁን አወጣ። ሰባት እጅ! አንደኛው እንኳ ሙዚቃው ሳያልቅ ነው ያወጣው። በዚያ አዳራሽ ሰው የሚያየው የሰብሳቢውን እጅ ነው፤ ሰብሳቢው ራሱን ለማከክ እጁን ቢያነሳም ውሳኔ ይሆናል። እኔ ጨለመብኝ። ዓም ሳልሕ ግን አልተንቀሳቀሱም።

"ጓድ ሰብሳቢ፣ እጃችሁን አየሁ፤ ጆሯችሁን አላየሁም" አሉ። "አባቴ በይሉል ፍየል ሲሸጥ፣ ዋጋው በሰው ፊት አይነገርም። ገዢና ሻጭ በጨርቅ ሥር እጅ ለእጅ ይያዛሉ፤ በጣት ይነጋገራሉ። ማንም ማንን አያይም፣ ማንም አይታማም። ዕቃዎቹ ይሸፈኑ፣ ታደሰ ቅደም ተከተሉን ይቀያይር። አንደኛ የተጫወተው ከበለጠ አንድ ጣት፣ ሁለተኛው ከበለጠ ሁለት ጣት ጨብጡ።"

"የማንን እጅ?" አለ ሽፈራው።

"የሰፊው ሕዝብን" አለች ብርቄ፣ ትሪዋን አስቀምጣ። "እኔ አለሁ።"

እንዴት እምቢ ይበል? ሰፊው ሕዝብ በአካል ትሪ ይዞ ቆሟል! ዕቃዎቹን በመድረኩ መጋረጃ ጋረድኳቸው። መጀመሪያ የጃፓኑን፣ ሁለተኛ የአውሮፓውን አጫወትኩ፣ ፒያኖዋ እስክትሞት ድረስ። ጥፍር ቀለሙ ሠርቷል! አንዲት ጠጠር የለችም። ከዚያ ብርቄ የዓም ሳልሕን የራስ ሻሽ እጇ ላይ ጣለች። አንድ በአንድ እየተነሡ እጃቸውን በሻሹ ሥር አስገቡ። አንዱ ፊቱ ቀላ፣ አንዱን አላበው፣ አንዱ ዓይኑን ጨፈነ። በመጨረሻ ሽፈራው ራሱ ሄደ፤ እጁን አስገባ፣ አወጣ፣ ተቀመጠ።

ብርቄ ሻሹን አጣጠፈች። "ሰባታችሁም" አለች፣ "ሁለት።"

መጋረጃውን ገለጥኩ። ሁለተኛው የአውሮፓው መሆኑን አዩ። እንደዚያን ቀን የደነገጡ ሰባት ሰዎች በአንድ ቦታ አይቼ አላውቅም። እያንዳንዱ ጎረቤቱን ሰረቅ አድርጎ ያያል። ሽፈራው አፉን ከፈተ። እውነት ሁለት ጣት ጨብጦ ከነበረ፣ የከሰሰውን ሰው ራሱ ደግፏል። አንድ ጨብጦ ከነበረ ደግሞ፣ "እኔ አንድ ነው ያልኩት" ብሎ ቢናገር ከሰባቱ ብቻውን ከሕዝቡ ውሳኔ የወጣ ሰው ይሆናል፣ እሱም በሱ በራሱ ሰብሳቢነት! አፉን ዘጋው። "ስብሰባው አልቋል" አለ። ላንድሮቨሯ ባዶዋን ሄደች።

ውጭ ስንወጣ እኔ ልፈነጥዝ ነው። ዓም ሳልሕ ግን በግንቡ ተደገፉ፤ እኚያ የብረት ሰው!

"አዩ ዓም ሳልሕ? ጆሮ አላቸው! ሁሉም ሰሙት!"

"ታደሰ" አሉኝ፣ "አርባ ዓመት ከጆሮ ጋር ሠርቻለሁ። ሰባት ጆሮ እንዲህ አይስማማም።"

ዞሬ ወደ አዳራሹ አየሁ። ብርቄ የቆመችው በጎን በኩል ነበር፤ ከዚያ ቦታ መጋረጃው አይጋርድም፣ የትኛው ዕቃ ሁለተኛ እንደሆነ በግልጽ ይታያል። ሮጬ ሄድኩና ያዝኳት። "ብርቄ፣ በእናትሽ፣ ስንቱ ነው ሁለት የጨበጠ?" አልኳት። ብርጭቆ እያጠበች ነበር። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። "አትጨቅጭቀኝ፣ ጥፍሬን የምቀባው አጥቻለሁ" አለችኝ። ዓም ሳልሕ በማግሥቱ ሥራ ገቡ፤ ገብተውም ስላፏጨሁ ተቆጡኝ።

ይኸው ነው። አላመናችሁኝም፣ ዓይናችሁ ይናገራል። እሺ፣ ሂዱና ጠይቁ! ብርቄ ዛሬ ደሴ ምግብ ቤት አላት፤ በወረቀት ሳይሆን በጣት የምትቆጥር ባለቤት ፈልጉ። ሽፈራው አዲስ አበባ ነው፣ ሸምግሏል፤ ሰላም በሉልኝ። ሌሎቹ ስድስቱም አንዱ ጅቡቲ፣ አንዱ አስመራ፣ አንዱ እዚሁ አዳማ እያሉ ተበትነው አሉ። የፈለጋችሁትን ለብቻው ይዛችሁ፣ በሩን ዘግታችሁ፣ ያን ቀን በሻሹ ሥር ስንት ጣት እንደጨበጠ ጠይቁት። ከሰባቱ አንዱ እንኳ "እኔስ አንድ ነበር" ካላችሁ፣ መጥታችሁ ውሸታም በሉኝ።